አልጠጣሁም፤ አታክሲያ ነው

ዐቢይ ጾም ነበር። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ ደረጃው ላይ እግሬ ተወላገደ። ግራና ቀኝ ተንገዳገድኩና አንዲት እናት ትከሻ ላይ ተደገፍኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ በጾም?" አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ።

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ምላሴ ተጎተተ። የዚህ በሽታ አንዱ ምልክት ንግግር መጎተት ነው። ስለዚህ የጠረጠሩትን ራሴው አረጋገጥኩላቸው። ቤቴ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚንገዳገዱ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። በሽታው ብዙ ሰው ስለሌለበት ጎረቤት ጠይቆ መልስ አይገኝም። እኔ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኝ ያገኘሁትን እናንተ በአንድ ቀን አንብባችሁ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል።

አታክሲያ የግሪክ ቃል ነው፤ ሥርዓት ማጣት እንደማለት ነው። የእኔ ዓይነቱ የሚነሳው ከሴሬቤለም ነው። ከጭንቅላታችን በስተኋላ፣ ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ማለት ነው። ከጠቅላላው አንጎል ክብደት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የነርቭ ሴሎች እዚያ ናቸው። ሥራው እንቅስቃሴን ማስተካከል ነው፤ እግር ምን ያህል ይነሳ፣ መቼ ይረፍ፣ እጅ ሲኒው ጋ ሲደርስ የት ይቁም የሚለውን። እሱ ሲታመም ጡንቻ አይሞትም። እኔ ዛሬም ሃያ ሊትር ጀሪካን አነሳለሁ። የሚያስቸግረኝ ጀሪካኑን ይዤ መዞር ነው።

በሽታው የጀመረኝ በ31 ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ። መጀመሪያ የተበላሸው የሰሌዳ ጽሑፌ ነው፤ መስመሩ እየወረደ ፊደሉ እየተለቀ መጣ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቼ ዞር ስል ጠረጴዛ መያዝ ጀመርኩ።

አባቴ የዘጌ ሰው ነበር፣ ቡና አምራች። እሱም አርባ ሳይሞላው እግሩ ከዳው። ግማሹ ሰው ቡዳ በልቶት ነው አለ፤ ግማሹ መጠጥ ነው አለ። አባቴ ጠላ እንኳ የሚቀምሰው ለክርስትናና ለሠርግ ነበር። እስኪሞት ድረስ መቋሚያውን ይዞ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ይል ነበር። የበሽታውን ስም ሳያውቅ ነው ያለፈው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዘር የሚተላለፈው ሴሬቤላር አታክሲያ ከ40 በላይ ዓይነት አለው። በእኛ ቤት ያለው ከወላጅ በቀጥታ ወደ ልጅ የሚሄደው ይመስላል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ወንድሜ ደህና ነው፤ እኔ ደረሰኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። መንገዳገድ ሁሉ በዘር የመጣ አይደለም፤ ታክሞ የሚድንም አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የቫይታሚን ኢ እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የአልኮል ጉዳት፣ ፌኒቶይን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲበዛ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያንገዳግዳሉ። ስለዚህ "የቤተሰብ ነገር ነው" ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ደም ተመርመሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩ። የእኔ ደም ደህና ነበር። ኤምአርአይ ሲነሳ ግን ሴሬቤለሙ መኮማተሩ ታየ።

ያየኝ ሐኪም "መድኃኒት የለውም" አለኝና ካርዴን ዘጋው። እውነቱን ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ነገር ግን "መድኃኒት የለውም" እና "የሚደረግ ነገር የለም" የተለያዩ ናቸው። ይህን የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ሁለት ዓመት ባከነ።

ጸበል ሄድኩ። አሁንም እሄዳለሁ፤ ጸበሉና በኋላ የጀመርኩት የሰውነት እንቅስቃሴ ተጣልተውብኝ አያውቁም። የጸበል ቤት ወለል ግን ያዳልጣል፤ ብቻችሁን አትግቡ፣ የሚይዛችሁ ሰው ይኑር።

ከዚያ ሰው መከረኝና ፊዚዮቴራፒ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና፣ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቦታ አልሆነልኝም። አስር ቀን ሙሉ አስተኝተው እግሬን በመብራት አሞቁልኝ፣ በኤሌክትሪክ ነዘሩልኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስረው አስነሱኝ። ሰዎቹ ትሁት ነበሩ። ያየኋቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ወገባቸውን የታመሙ ወይም ስትሮክ የመታቸው ነበሩና እኔንም እንደነሱ ያዙኝ። አንድም ቀን አስቁመው አላዩኝም። ገንዘቤ አለቀ፣ መውደቁ ግን እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ነው። ገና ሳልቀመጥ "እህቴ፣ ምን ስትሠሪ ነው የምትወድቂው?" አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘረዘርኩለት። ስዞር። ስልክ ሳወራ። መብራት ሲጠፋ። ትሪ ስይዝ። እሱ ጻፈ። ቀጥሎ አስኬደኝ፣ እግሬን ገጥሜ አስቆመኝ፣ አስቀመጠኝ፣ አናገረኝ፣ ጣቴን ከአፍንጫዬ ወደ ጣቱ አመላለሰኝ፣ ተረከዜን በሌላው እግሬ ቅልጥም ላይ አስወረደኝ። ይህ ሳራ (SARA) የሚባል የአታክሲያ መለኪያ ነው። ስምንት ፈተና አለው፣ ድምሩ ከ40 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። 14.5 አመጣሁ። ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ይህን መለኪያ ጠይቁ፤ ካልተለካችሁ ለውጥ መኖሩንም አታውቁም።

"ጉልበት አላነሰሽም። ያነሰሽ የእንቅስቃሴ ልክ ነው። ልክ ደግሞ በድግግሞሽ ነው የሚመጣው" አለኝ። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ነገረኝ። ሴሬቤለማቸው ወይም ወደ አንጎል ስሜት የሚያደርሰው ነርቫቸው የተጎዳ 16 ሰዎችን ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት የሚዛንና የቅንጅት ልምምድ አሠሯቸው። ሚዛናቸው ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ሴሬቤለማቸው የታመመው ናቸው። ቤታቸው ልምምዱን ከቀጠሉት ላይ ከዓመት በኋላም ጥቅሙ ታይቷል። የታመመ ሴሬቤለምም ይማራል ማለት ነው፤ ከጤነኛው ይልቅ ይዘገያል እንጂ።

እንግዲህ ቤቴ የምሠራውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥግ ነው። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ከፊቴ የማይንሸራተት ወንበር አለ። ብወድቅ የምወድቅበት ቦታ የለም። እግሬን ገጥሜ እስከ ሠላሳ። ከዚያ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጌ። ከዚያ አንገቴን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞርኩ። ዓይን ጨፍኖ መቆም የመጨረሻው ነው፣ ሰው አጠገቤ ከሌለ አልሞክረውም። መጀመሪያ ሰሞን እግሬን ገጥሜ ሰባት ሰከንድ ነበር የምቆየው።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። እኔ ጠመኔ አላጣም። ሲሚንቶው ላይ የእግር ዳና ሣልኩ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። እዳናው ላይ እየቆጠርኩ አርፋለሁ፦ አንድ ማንሳት፣ ሁለት ማሳለፍ፣ ሦስት ማሳረፍ። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ፍሬንከል የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ያወጣው ነው። ፈተናው ዝግታው ነው። እኛ አታክሲያ ያለብን ሰዎች ሚዛናችንን ሳንስት ለመድረስ እንቸኩላለን። ያ ችኮላ ነው የሚጥለን።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ሦስተኛው ነው። ባለሙያው ከወለል መነሳት ሊያስተምረኝ ፈልጎ "ስግደት ታውቂያለሽ አይደል?" አለኝ። ስግደትን ከፋፍሎ አሠራኝ። አንድ ጉልበት፣ ሁለተኛው ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ሲመለስ ደግሞ እጅ፣ አንድ እግር ወደ ፊት ተክሎ በግማሽ ጉልበት መቆየት፣ መነሳት። እያንዳንዱ ላይ አንድ ትንፋሽ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "የታመመ ሰው ከስግደት ነፃ ነው" አሉኝ። "አባቴ፣ መድኃኒቴ ሆኗል እኮ" ስላቸው ዝም ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። አሁን በቀን አስራ ሁለት እሰግዳለሁ፣ ሶፋው አጠገብ፣ አንድ እጄ የሚደርስበት ቦታ።

መውደቅም ይለመዳል። ፍራሽ አንጥፎ አስተማረኝ፤ እጅን ዘርግቶ መመከት የእጅ አንጓ ይሰብራልና ተጠምዝዞ በጎን፣ በመቀመጫ ላይ መውረድ። ከወደቃችሁ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ይሮጥና ክንዳችሁን ይጎትታል። አትፍቀዱ። "ወንበር አምጡልኝ" በሉ። በወንበሩ ላይ ተደግፋችሁ በግማሽ ጉልበት በኩል ተነሱ። ትከሻችሁም ይተርፋል፣ ሰዎቹም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ቡና ማፍላት ትቼ ነበር። ሲኒው ጋ ልደርስ ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ደህና ነው፣ ዒላማው ሲቀርብ ይብሳል፤ የሴሬቤለም ጠባዩ ይኸው ነው። ቤቴ ሰው ሲመጣ ልጄ ነበረች የምትቀዳው፤ እኔ ስሟን እየጠራሁ "ጨምሪላቸው" እላለሁ። ለባለሙያው ይህን ሳወራ ጀበና ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። አጭሩን ዱካ አስቀርቶ እግሬ መሬት በደንብ የሚረግጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። የቀኝ ክንዴን ከጎድኔ አጣበቅኩ፣ በግራ እጄ የቀኝ አንጓዬን ያዝኩ። ጀበናውን ግማሽ ብቻ ሞላን፣ በቀዝቃዛ ውኃ። አንገቱን የሲኒው ከንፈር ላይ አሳርፌ ማዘንበል። ማሳረፍ ዋናው ነው፤ አየር ላይ ሳይንጠለጠል እጁ ይረጋጋል። አንድ ወር በውኃ ብቻ ቀዳሁ። ልጄ ረከቦቱ ላይ የፈሰሰውን ጠብታ ትቆጥር ነበር። ስድስት ሲኒ በአራት ጠብታ የቀዳሁ ቀን እውነተኛ ቡና ቆላን፣ ጎረቤት ጠራን፣ እስከ በረካ ራሴ ቀዳሁ።

ብዙ ሰው "ጣና አጠገብሽ ነው፣ ውኃ ውስጥ ተንቀሳቀሺ" ይለኛል። ውኃ እውነትም ጥሩ ነው፣ ሰውነትን ይደግፋል። የጣና ዳርቻ ግን ቢልሃርዚያ አለበት። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ተህዋስ ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ደግሞ ቀንድ አውጣው የሚወደው ቦታ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ ቆማችሁ አትለማመዱ። አቅም ካላችሁ የታከመ ውኃ ያለው መዋኛ አለ። እኔ ጣናን የምጠቀምበት በዳር በመሄድ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ብስክሌትና ባጃጅ ሳይበዛ። ብስክሌት ከኋላ ሲያቃጭል አንገቴን ድንገት አዙሬ ስንት ጊዜ ወድቄያለሁ። አሁን መጀመሪያ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ከዚያ በትንንሽ እርምጃ መላ ሰውነቴን አዞራለሁ። ስልክ ሲጠራም እንደዚያው፣ ቆሜ ነው የማነሳው። እየሄዱ ማውራት ለእኛ ሁለት ሥራ ነው።

ዱላ መያዝ እምቢ ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። አንድ ቀን ከአባቴ ዕቃ መካከል መቋሚያውን አወጣሁት። እጀታው ላይ እንጨቱ በእጁ ወዝ ጠቁሯል። ለባለሙያው ወሰድኩለት። ቁመቱን አየ፣ ጫፉ ላይ የባጃጅ ጎማ ቁራጭ አስመታልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ "ብብትሽ ሥር አስገብተሽ አትደገፊው፤ ነርቭ ተጭኖ እጅ ያደነዝዛል። በእጅሽ ያዢው።" ቀላል ምርኩዝ እጄ ውስጥ ይወናጨፍ ነበር፤ ይህ ከበድ ስለሚል ረጋ ይላል። ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም፤ ሞክሩና የሚያረጋችሁን ያዙ።

መጠኑን በተመለከተ፦ እኔ በቀን ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የምሠራው፣ በሳምንት አምስት ቀን። በማግሥቱ ከአልጋ መነሳት ካቃተኝ በዝቶብኛል ማለት ነውና በግማሽ እቀንሳለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ያዝለኛል፤ ያን ጊዜ ጠዋትና ምሽት አድርጌ እከፋፍለዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ከተቀመጥኩበት አልነሳም። ዓይን ለእኛ ሦስተኛ እግር ስለሆነ ባትሪ ከትራሴ ሥር አይጠፋም። አልኮል ጨርሶ አልነካም፤ ጤነኛ ሴሬቤለምን የሚያናጋ ነገር የታመመውን ምን እንደሚያደርገው ገምቱ።

ስለመብላትም ትንሽ። ቀጭን ፈሳሽ ትን ይለናል። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ ነው ውኃ የምውጠው። ጉርሻ የሚያጎርሰኝን ሰው "በትንሹ፣ ስውጥ ጠብቀኝ" እለዋለሁ። የሚከፋው የለም። ደጋግሞ ትን የሚላችሁና የሚያስላችሁ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ባለሙያ ከቤታችሁ ሩቅ ከሆነ አንድ ጊዜ ሂዱና ልምምዱን ሁሉ በስልክ ቪዲዮ አስቀርጹ። እናንተ ስትሠሩትም ይቀረጽ። ከሦስት ወር በኋላ ስታዩት ስህተቱም ለውጡም ይታያችኋል።

እኔ በስድስት ወር ከ14.5 ወደ 11 ወረድኩ። ከዚያ ክረምት መጣ፣ ጭቃው በዛ፣ ሐዘንም ገጠመን፣ ሁለት ወር አቋረጥኩ። ስለካ 13 ሆነ። እንደገና ጀምሬ 11.5 ላይ ነኝ። በሽታው እያደገ የሚሄድ ነው፣ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ልምምዱ አያቆመውም። ግን ዛሬ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበርኩት ይልቅ የምወድቀው ጥቂት ነው፣ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ሻወሬን ብቻዬን እወስዳለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ካርቶን ላይ የጻፍኩት አለ፦ "አልጠጣሁም። አታክሲያ የሚባል የሚዛን ሕመም አለብኝ። እባክዎ ክንድዎን ይስጡኝ።" አንድ የባጃጅ ሹፌር "የሰከረ አልጭንም" ብሎኝ ሳሳየው አነበበ፣ ወረደና ደግፎ አስገባኝ። ሒሳብም አልቀበልም አለ። እናንተም ጻፉ። ምላሳችሁ እምቢ ባለ ሰዓት ወረቀቱ ይናገርላችኋል።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው "እማዬ፣ እኔስ?" አለችኝ። ዕድሉ እኩል በእኩል መሆኑን ነገርኳት። የዘር ምርመራ እንዳለ፣ ምልክት የሌለበት ልጅ ግን እንደማይመረመር፣ ስታድግ ማወቅ አለማወቁን ራሷ እንደምትወስን ነገርኳት። ብዙ አልጠየቀችም። በማግሥቱ ጠዋት ጥጌ ላይ ስቆም መጥታ አጠገቤ ቆመች። አሁን በየቀኑ ትመጣለች። እሷ በአንድ እግሯ፣ እኔ በሁለት። የምትቆጥረው እሷ ናት። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሃያ ስምንት ላይ ትንሽ ትዘገያለች፤ ከዚያ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።